ጎረቤቱ ትቶት የሄደው ቦይ

አንድ ሰው ነበረ። ቤቱ ከኮረብታ ሥር ነው፤ ጀርባውን ለኮረብታው ሰጥቶ ፊቱን ወደ ወንዝ ያዞረ ቤት። ከበላዩ አንድ ጎረቤት ነበረው። ይህ ጎረቤት ወር በገባ ቁጥር ዶማውን ይዞ ይወጣና ከኮረብታው የሚወርደውን ጎርፍ የሚቀለብሰውን ቦይ ይጠርጋል። የጠረገውን ደለል በአህያ ጭኖ የሚያልፈው ደግሞ በዚህ ሰው ደጃፍ ነው። የሰውየው ደጅ በየወሩ ይጨቀያል።

አንቺ ውዴነሽ፣ እማሆይን ስለ ልብ ብጠይቃቸው ስለ ሰው ቤት ያወሩልኛል ብለሽ በሆድሽ አትታዘቢኝ። ጥያቄሽን አልረሳሁትም። ካረጥሽ ወዲህ አርፈሻል፤ ቀን ሳትቆጥሪ ቤተ ክርስቲያን ትገቢያለሽ፤ ታዲያ የጤና ጣቢያዋ ነርስ «ልብሽን መጠበቅ ያለብሽ አሁን ነው» የምትልሽ ምን ሆና ነው፣ የልብ ሕመም የወንድ አይደለም ወይ ነው ያልሽኝ። ከመመንኮሴ በፊት አዋላጅ እንደነበርኩ ታውቂያለሽና ወደኔ በመምጣትሽ ደግ አደረግሽ። መልሱ እዚያ ቤት ውስጥ ነው ያለው፤ ትንሽ ታገሺኝ።

ሰውየው ያን ጭቃ አጥብቆ ይጠላው ነበር። ጎረቤቱ ባለፈ ቁጥር ያጉረመርማል፤ ሚስቱም መጥረጊያ ይዛ ትወጣለች። ከዕለታት አንድ ቀን ጎረቤቱ አረጀና ቆላ ወዳለችው ልጁ ዘንድ ሄደ። ሽኝት አልነበረ፣ ጠብ አልነበረ፤ ዝም ብሎ ቀረ። ሰውየው ደጁ ደርቆ ሲያገኘው «ተገላገልኩ» አለ። አልዋሸም፤ ከጭቃው ተገላግሏል። እኔም በጊዜዬ እንደሱ ብያለሁ፤ እንደሱ የማትል ሴት አላየሁም።

ነገር ግን ኮረብታው አልሄደም። ዝናቡም አልሄደም። የሄደው የሚጠርገው ሰው ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ክረምት በደህና አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። ቦዩ ግን በዝግታ እየተደፈነ ነው። ቅጠል ይገባበታል፣ ጠርዙ ይናድበታል፣ ዝናብ ያመጣው አፈር እዚያው ይተኛበታል። እቤቱ የተቀመጠ ሰው ይህን አያይም። ምኑም አያመውማ።

ምነው መንጋጋሽን ያዝሽው? ጥርስ ነው? እሺ፣ ስትሄጂ ቅርንፉድ እሰጥሻለሁ፤ ነክሰሽ ትይዢዋለሽ።

ሦስተኛው ክረምት ላይ የኋላው ግድግዳ ማላብ ጀመረ። ቤቱ እርጥብ እርጥብ ሸተተ፤ መደቡ ቀዘቀዘ። ሚስቱ የምትተኛው ጀርባዋን ለዚያ ግድግዳ ሰጥታ ስለነበር ከሱ ቀድማ አወቀችው። «ወጥተህ የላዩን ቦይ እየው» አለችው። ሰውየው ሳቀባት። ሞኝ ሆኖ አይደለም፤ የታች ሰፈር ሰዎች ቤት በጎርፍ ሲወሰድ በዓይኑ አይቷል። ያን ቀን ወንዙ ሲያጓራ ያልሰማ ሰው አልነበረም። «ጎርፍ ድምፅ አለው፤ ሲመጣም በፊት ለፊት ነው። ይሄ የክረምት እርጥበት ነው» አላት።

ይኸውልሽ ቡሄ ደረሰና እንግዳ ሊመጣበት ሆነ። ሰውየው ጭቃ በጭድ አቡክቶ ያን እርጥብ ቦታ ለሰነው። ላዩን በእበት ለቅልቆ አሳመረው። እንግዶቹም ግድግዳውን እያዩ «ቤትህን አድሰሃል» ብለው አመሰገኑት። ብዙ ሳይቆይ እርጥበቱ በልስኑ ላይ ወጣ። ደግሞ ለሰነው፣ ካለፈው አወፈረው። ልስኑ በወፈረ ቁጥር ከውስጥ ያለው እንጨት ይበሰብሳል። ቦዩን ወጥቶ ቢጠርገው እኮ የአንድ ጠዋት ሥራ ነበር።

እንዲያው ልጠይቅሽ፣ ያ በፌስታል የያዝሽው ተልባ ነው? ጨጓራዬ ነው ብለሽ? ይሁን። እዚህ አገር ጨጓራዬ ነው የማይል ሰው የለም፤ እሷን አሳበን ስንቱን ነገር በተልባ እንሸኘዋለን።

ውዴነሽ፣ ግንባርሽ ላይ ያለው ላብ ነው እንዴ? በዚህ ብርድ? እስቲ እጅሽን አምጪ።

ቀዝቅዘሻል። መንጋጋሽን ከመቼ ጀምሮ ነው ያመመሽ? ከጠዋት ጀምሮ? ትከሻሽንም? ለዚህ ነዋ በሬ ላይ ስትደርሺ ቁና ቁና የተነፈስሽው፤ አርጅቼ ነው ብለሽ አሳቅሽኝ እንጂ። እኔም ሳቅሁልሽ። ጥርስ ነው ስትዪኝ አምኜ ቅርንፉድ ልሰጥሽ ነበር። ያ ግድግዳ የሚለስነው ሰውዬ እኔው ሆኜ ቁጭ አልኩ።

አትነሺ። የምነሳው እኔ ነኝ፤ አንቺ ተደገፊና ተቀመጪ። ስልኬን ላንሳ። ሃሎ፣ አንተ ተመስገን፣ እማሆይ ነኝ፤ ባጃጅህን ይዘህ እበሬ ድረስ ና፣ አሁኑኑ፤ ሆስፒታል ነው የምንሄደው።

እስኪመጣ ልጨርስልሽ፤ ዝም ካልኩ ፍርሃቴ ፊቴ ላይ ይታይሻል፤ ፈርቻለሁም። ግድግዳው የወደቀው በጠራራ ፀሐይ ነው። የዚያን ዕለት ዝናብ እንኳ አልነበረም። ወደ ውስጥ ወደቀ፣ መደቡ ላይ፣ ሴትየዋ ላይ። ወንዙ አላጓራም፤ ጎረቤት ሁሉ የሰማው የሰውየውን ጩኸት ነው። ሰውየው ኮረብታው ላይ ወጥቶ ያን ቦይ ያየው ከቀብር መልስ ነበር።

ቤቱ አንቺ ነሽ፣ ልጄ። ጎረቤቱ ደግሞ ያ በየወሩ ሲያጨቀይሽ የኖረው፣ ነርሶቹ የሴት ሆርሞን የሚሉት ነው። ሥራው ልጅ ለመውለድ ብቻ መስሎን ነበር፤ የልብሽን ደም ሥርም ሲጠብቅልሽ ኖሯል። እሱ ሲሄድ አብሮት የሄደው ጭቃው ብቻ መሰለሽ። ነርሷ አሁን ነው ያለችሽ ለዚህ ነው። ከእንግዲህ ዶማውን የምትይዢው አንቺ ነሽ፤ ግፊትሽን እየተለካሽ፣ ስኳርሽን እየታየሽ፣ ጨውና ቅቤውን እየቀነስሽ፣ በእግርሽ እየሄድሽ። እሱን ስትድኚ እንነጋገርበታለን። የልብ ሕመም የወንድ ነው ያልሽው ግን የዚያ ሰውዬ አነጋገር ነው። የወንዶቹን አይተናል፤ ደረታቸውን ጨምድዶ ይዞ አገር እያሰማ ይጥላቸዋል። እኛም ላይ በደረት ይመጣል። ግን ደግሞ በመንጋጋ ይመጣል፣ በትከሻ፣ በጀርባ፣ በድካም፣ ጨጓራ መስሎም በኋላ በኩል ይገባል። እኛም እንለስነዋለን።

ይኸው ባጃጁ መጣ። ተልባውን እዚያው ተይው። የሠርክ ጸሎቴን መንገድ ላይ አደርሳለሁ፣ እግዜር ባጃጅ ውስጥም ይሰማል።

ምን አልሽ? እቤት ደርሼ ልብሴን ልቀይር? ሰው እንዲህ ሆኜ አይየኝ?

ልስን ማለት እኮ ይሄ ነው፣ ውዴነሽ። በይ ትከሻዬን ያዢ።