ለአንድ ጥርስ አንድ እፍኝ ቆሎ

፦ ተረት ተረት።
፦ የላም በረት።

በረታችሁ ይሙላ። አንዳችሁ ግን ጉንጩን ይዞ ነው የመለሰው፤ አይቼዋለሁ። እንግዲያው የዛሬው ለእሱ ይሁን። ቀረብ በሉ።

በድሮ ዘመን ነው። አንጓች የምትባል ስፌተኛ ነበረች። ባሏ ሞቶባት ሁለት ሴት ልጆቿን የምታሳድገው ሰፌድና ሌማት እየሰፋች ነበር። የስፌቱን ሣር፣ አክርማውን፣ በጥርሷ ትሰነጥቃለች፣ በወስፌ ትወጋለች፣ ታጠብቃለች። የእሷን ሰፌድ ገበያተኛ ወደ ፀሐይ አንሥቶ ቢያየው ብርሃን አያሳልፍም። እንዲያ ያለች ባለሙያ ነበረች።

ታዲያ አንድ ዓመት ክረምት ሲወጣ የቀኝ መንጋጋዋን ያማት ጀመር። ነጭ ሽንኩርት ነከሰችበት፤ ቅርንፉድ ያዘችበት፤ በጨው ተጉመጠመጠች። ወይ ፍንክች። ጉንጯ አበጠና አንድ ዓይኗን ሊሸፍነው ደረሰ። ከዚያም አክርማ መሰንጠቅ አቃታት። በወስፌ ጫፍ ልሰንጥቅ ብትል አክርማው ተበጣጠሰባት፤ ስፌቱም ሳሳ። ገበያተኛው ሰፌዱን ወደ ፀሐይ ያነሣል፣ ብርሃኑ ሲያልፍ ያያል፣ መልሶ ያስቀምጠዋል። ጥርሷ ካልተነቀለ ሥራ የለም፤ ሥራ ከሌለ ለነቃይ የሚከፈል የለም። ልጆቿም በቀን አንዴ ብቻ መብላት ጀመሩ።

በገበያው ዳር፣ ዋርካው ሥር፣ አንድ ስመ ጥር ጥርስ ነቃይ ነበር። የነቀለውን ሁሉ በክር ሰክቶ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል፤ ሰው ያን አይቶ ይፈራዋልም፣ ያምነዋልም። አንጓች ሄዳ ለመነችው። ዋጋዬ አንድ ሙክት ነው አላት። ሙክት ከየት ይምጣ፤ እሷ ቤት ዶሮም የለ። ሌማት ልስፋልህ፣ ለሚስትህም ሙዳይ እጨምርልሃለሁ አለችው። እሱ ግን ሌማት ሞልቶኛል ብሎ ቀጣዩን ጠራ። አፏን እንኳ ከፍቶ አላየላትም።

እያለቀሰች ቤቷ ገባች። እንደገና ልስፋ ብላ ወስፌውን በንዴት ስትጫነው ጎበጠ።

ወስፌ የሚያቀና ደግሞ በዚያ አገር አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከወንዙ ማዶ የሚኖረው ቀጥቃጩ አያ ይርዳው። ያኔ ሰዉ ቀጥቃጭን ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ይበላል ይለው ነበር። አዎ፣ እንዲህ ያለ ሞኝነት ነበረ። ማረሻውንም ማጭዱንም ከእሱ ያሠራል፣ ቤቱን ግን አይረግጥም፤ እሱ ባለበት አፉን ከፍቶ አይበላም። አንጓችም ወስፌዋን ከእጁ ተቀብላ አታውቅም። መሬት ላይ አስቀምጥልኝ ትለዋለች፣ ዞር ሲል ታነሣለች።

የዚያን ቀንም አፏን በነጠላዋ ሸፍና ራቅ ብላ ቆመች። እሱ ግን ወስፌውን ትቶ እብጠቱን አየ።

፦ እቴ አንጓች፣ ወስፌውስ ይቀናል። ይህ ጥርስ ካልተነቀለ ግን ይጥልሻል።

፦ ነቃዩ ሙክት አምጪ አለኝ፣ አያ። ከየት ላምጣ?

፦ እኔ እነቅልልሻለሁ።

አንጓች ወደ ኋላ አፈገፈገች። እሱም ገባውና ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ።

፦ ሙክት ብንሰጠውም የእኛን የቀጥቃጮችን አፍ የሚያይ ነቃይ የለም። የአባቴን ጥርስ የነቀልኩ እኔ፣ የሚስቴን የነቀልኩ እኔ። እጄ ለምዷል።

እሷ ግን ሮጣ ሄደች። ቤቷ ስትደርስ ትንሿ ልጇ ጣቷን በምራቋ እያራሰች ከባዶው ሌማት ላይ ፍርፋሪ ትለቅማለች። አንጓች ደጃፉ ላይ ቆማ አየቻት። ይበላኛል ብዬ ስፈራ፣ እኔና ልጆቼ ሳንበላ ልናልቅ ነው አለች በልቧ። ከዚያም ነጠላዋን አጥብቃ ተመለሰች።

ይርዳው ጉጠቱን እሳት ውስጥ ከቶ አጋለው፤ ከዚያም አፍልቶ ባቀዘቀዘው ውኃ ነከረው። ሚስቱ እናንዬ ከኋላ ሆና ራሷን ደገፈቻት።

፦ ዋጋህን ሳልሰማ አፌን አልከፍትም፣ አለች አንጓች።

፦ ሲድንልሽ ቤቴ ገብተሽ፣ ከእኔና ከሚስቴ ጋር አንድ እፍኝ ቆሎ ትቆረጥሚያለሽ። ሌላ አልፈልግም።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሙክት ቢላት ይቀላት ነበር። ግን ጥርሱ ጠዘጠዛትና እሺ አለች። ዓይኗን ጨፍና አፏን ከፈተች። አንዴ ወዘወዘው፣ አንዴ ሳበው፣ ወጣ። እሪ ለማለት እንኳ ጊዜ አላገኘችም። እናንዬ ደሙ እስኪቆም ንጹሕ ጨርቅ አስነከሰቻት፤ ይርዳውም ያቀናውን ወስፌ እንደ ልማዱ መሬት ላይ አስቀመጠላት።

እብጠቱ ጎደለ። አንጓች በግራ ጥርሷ አክርማ መሰንጠቅ ጀመረች፤ ልጆቿም ጠግበው አደሩ። ቆሎውን ግን ነገ ዛሬ እያለች አቆየችው። ጎረቤቶቿ ሰምተው ኖሮ፣ እዚያ ቤት ከበላሽ እኛ ቤት እንዳትመጪ አሏት። ፈራች። ግን አክርማ በሰነጠቀች ቁጥር ያ ሰው ዓይኑን ወደ መሬት የመለሰው ይታወሳታል፤ ሰፌዱም እጇ ላይ ይከብዳታል።

በመጨረሻ በገበያ ቀን፣ መንገዱ በሰው ተሞልቶ ሳለ፣ በጠራራ ፀሐይ ወንዙን ተሻገረች። እናንዬ በርጩማውን ሦስት ጊዜ ጠረገችው፤ ከተዳረች ጀምሮ እንግዳ ተቀምጦበት አያውቅም። ቆሎ አቀረበችላት። አንጓች ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደች። ዘገነችና ቆረጠመች። ጉድ ሊያይ ደጅ የቆመው ገበያተኛ ሁሉ ሰማ። ይርዳው ፊቱን ወደ ወናፉ አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ታየ። አንጓችም እፍኙን ጨርሳ መዳፏን ዘረጋችለት።

፦ አያ ይርዳው፣ ዋጋህ አንድ እፍኝ ነበር፤ እሱን በልቻለሁ። አሁን ግን ስለጣመኝ ነው። በእጅህ ጨምርልኝ።

መንደሩ ትታመማለች ብሎ ጠበቀ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አንድ ወር። እሷ እቴ፣ እንዲያውም ወዟ መጣ። ከዚያም አንድ ሽማግሌ ገበሬ ጉንጩን ይዞ ወንዙን ተሻገረ። ዋጋውን ቢጠይቅ አንድ እፍኝ ቆሎ ነው ተባለ። እሱም ተነቀለለት፣ ድኖም መጥቶ በላ። በዓመቱ ያቺ በርጩማ አልበቃ ብላ ይርዳው መደብ ሠራ። አንጓችም እስክታረጅ ድረስ ቆሎ በቆረጠመች ቁጥር፣ እግዜር ይስጥልኝ አያ ይርዳው ትል ነበር።

አንተ ጉንጭህን የያዝከው፣ ነገ ማለዳ እጅህን ይዤ እወስድሃለሁ። ዋጋው አያስጨንቅህ፤ የሚያይልህ ሰው አይጠፋም።

እኔስ ነገሬን ጨረስኩ። ቆሎውን እናንተ ቆርጥሙልኝ፤ ተረቴን ተቀበሉ፣ ጥርስ ያለቀበት አፌን በለስላሳ ዳቦ አባብሉ።