በሕግ አምላክ ያለው አህያ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ ለአንበሳ ዳኝነት ያድሩ በነበረበት ዘመን፣ አያ ጅቦ አጥንት የሚያመላልስለት አንድ አህያ ነበረው። ድርቅ በገባ ዓመት ጅቡ አህያውን አስከትሎ ወደ ወንዝ ማዶ ተሻገረ። ማዶ የጎሾች አገር ነው፤ እዚያ እንስሳ እንስሳን አይጭንም። አህያው ሁለት ክረምት ከጎሾች ጋር ሣር ጋጠ፤ የጀርባው ቁስል ሻረ፤ ከአንዲት የማዶ አህያም ውርንጭላ ወለደ።

ዝናብ ሲመለስ ጅቡም አህያውን አስከትሎ ተመለሰ። ውርንጭላዋ ከእናቷ ጋር ማዶ ቀረች። ቤት እንደገቡ ጅቡ በአህያው ጀርባ ላይ አጥንቱን ከመረ፤ አልበቃ ብሎት እሱም ሊፈናጠጥ እግሩን አነሳ።

«በሕግ አምላክ» አለ አህያው።

በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ጅብ ወራጅ ውሃም ይቆማል። ጅቡ እግሩን እንዳነሳ ቆመ፤ ተያይዘውም ከዋርካው ሥር ከአንበሳው ችሎት ቀረቡ።

«ጌታዬ፣ ጭነት በሌለበት አገር ኖሬ መጥቻለሁ» አለ አህያው። «እዚያ የወረደልኝ እዚህ እንዴት ይመለስብኛል?»

አንበሳው ወደ ጅቡ ዞረ። «እውነት ነው?»

«እውነት ነው ጌታዬ» አለ ጅቡ ሳያስብ። «እንዲያውም እዚያ አጥንቴን የተሸከምኩት እኔው ነኝ። ወገቤን እስካሁን ያመኛል።»

ችሎቱ ሳቀ። አህያው የረታ መስሎት ልቡ ሞቀ።

ሕግ አዋቂ የምትባለው ቀበሮ ግን ተነሳች። «ጌታዬ፣ የማዶውን ነገር ምን አስጠየቀን? አህያ የጭነት ዕቃ ነው። ዕቃ ክስ አያቀርብም፤ ወንዝ ስለተሻገረም ዕቃነቱ አይቀርም።»

አንበሳው የራሱ ጓዝ በማን ጀርባ እንደሚጓዝ አሰበ። ነገሩን አንዴ ልቁረጠው ብሎም ፈረደ። «አህያ፣ ልጁም የልጅ ልጁም፣ ከእንስሳት ጉባኤ አይቆጠርም። በሕግ አምላክ ቢል የሚቆምለት የለም።»

አህያው ተጭኖ ወጣ። ከጭነቱ ይልቅ «ልጁም» የምትለዋ ቃል ከበደችው።

ጅቡ ፍርዱን የሰማው በሆዱ ነበር። «እንግዲያው የማዶ አህዮችም ዕቃ ናቸው» ብሎ ዘመዶቹን ይዞ ተሻገረ። ጎሾቹ ጎረቤቶቻችንን አንሰጥም ብለው፣ ቀንዳቸውን ቀስረው ጅቦቹን እስከ ዋርካው አሳደዷቸው። እዚያም ይተላለቁ ጀመር።

አንበሳው መሃል ገብቶ «በሕግ አምላክ! በሕግ አምላክ!» እያለ ጮኸ። አንዱ ገፍቶት፣ ሌላው ረግጦት አለፈ። ከዚያ ሁሉ የቆመ አንድ ብቻ ነበር፤ ውርንጭላ ልጁን ፍለጋ ከነጭነቱ ይሮጥ የነበረው አህያ።

«አንተስ ሰማኸኝ» አለ አንበሳው እያለከለከ።

«ሰምቻለሁ ጌታዬ» አለ አህያው። «ግን የእኔ መቆም አይቆጠርም።» ጭነቱን አራግፎ ወደ ወንዙ ሮጠ።

ከዚህ የምንማረው፣ ሕግን ለአንዱ የነፈገ ዳኛ በጭንቁ ቀን ለራሱም የሚቆምለት ሕግ እንደማያገኝ ነው።