በር የነቀለው ንጋቱ

ጅማ ውስጥ፣ ከሂርማታ ገበያ ወረድ ብሎ ባለው ሰፈር፣ ሰው ለአንዱ ጉዳይ ሲጣደፍ ሌላውን ካጎደለ ትልልቆቹ የሚወረውሯት አንዲት አባባል አለች። ለሰፈሩ አዲስ የሆነ ሰው ሲሰማት ይስቅና "ደግሞ ይቺ ከየት መጣች?" ይላል። የመጣችበትን የሚያውቁ ግን ቶሎ አይመልሱለትም። መጀመሪያ ስለ ንጋቱ ያወሩለታል።

ንጋቱ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነበር፤ የሠርግ ወቅት ሲመጣ ደግሞ ቤዝ ጊታር ይጫወታል። ዐርፎ መቀመጥ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ወንበር ላይ ሆኖ እንኳ ተረከዙ መሬቱን ይደበድባል፤ ምግብ ቀርቦለት ጣቶቹ የትሪውን ጠርዝ ይመታሉ። ሚስቱ አስካለ "እኔ የተጋባሁት ከሞተር ጋር ነው፤ ማጥፊያውን ግን አልሰጡኝም" ትል ነበር።

ልጅ ሳለ የወፍጮ ቤት ቀበቶ የግራ እጁን ትንሽ ጣት ይዞበት፣ ጣቲቱ ከዚያ ወዲህ ደርቃ ቀርታለች፤ አትታጠፍም። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው ቤዝ ጊታር ሁሉ አንገቱ ይሰፋበታል። ለዓመታት ሲጫወትበት የኖረው አንድ ጓደኛው ያዋሰውን ጠበብ ያለ አሮጌ ጊታር ነው። ጓደኛው ኑሮውን ወደ ሐዋሳ ሲያዞር ጊታሩንም ይዞ ሄደ። ንጋቱም ባዶ እጁን ቀረ።

የባንዱ መሪ ሚፍታህ ኪቦርድ ተጫዋች ነው። ይህን ሲሰማ ሊያጽናናው ፈለገና የባሰውን ተናገረ።

"ምን ያስጨንቅሃል? ቤዙን እኔው በግራ እጄ እሞላዋለሁ።"

"በግራ እጅህ?" አለ ንጋቱ። "እኔ ማለት ያንተ ግራ እጅ ነኝ?"

"እንደሱ ማለቴ አይደለም ወንድሜ። ከመስቀል በኋላ የአቶ ተሰማ ልጅ ሠርግ አለ። እስከዚያ ጊታር ካገኘህ ቦታህ ያው ቦታህ ነው። ካላገኘህ ግን ባንዱ አንተን ብሎ አይቆምም።"

ንጋቱን ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፉም ምግቡም ጠፋበት። ሚፍታህ አንድ ጊዜ በግራ እጁ ከሞላው፣ ሁለተኛ ባለ ጊታር እንደማይፈልግ ያውቃል። ከቤት ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ ቤት ሲመላለስ ከረመና አንድ ጠዋት ፊቱን እየታጠበ ድንገት ቀና አለ።

"ራሴ እሠራዋለሁ!" አለ።

"ምኑን?" አለች አስካለ።

"ጊታሩን ነዋ! አንገቱን በጣቴ ልክ አድርጌ።"

የኤሌክትሪኩ ነገር አላሳሰበውም። ከተቃጠለ ቬንትሌተር ቀጭን የመዳብ ሽቦ ፈታ፤ ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ ማግኔት አወጣ፤ ሽቦውን በማግኔቱ ላይ እየጠመጠመ የክሩን ንዝረት የሚይዘውን ክፍል ሠራ። ያስቸገረው እንጨቱ ነው። ወሩ ነሐሴ፣ አገሩም ጅማ ነው፤ ዝናቡ ጠዋት ጀምሮ ማታ ይደገማል። ጣውላ ነጋዴው ከድር አንዱን ሳንቃ በጥፍሩ ቢጫነው ውኃ አዠ።

"ይሄ አምና ዛፍ ነበር፤ ገና ዛፍነቱን አልረሳም" አለው። "በጋው ይለፍበት። ሚያዝያ ላይ ና።"

"ሚያዝያ! ሠርጉ በመስከረም መጨረሻ ነው እኮ!"

"ታዲያ ሠርጉን አዛውራ።"

ንጋቱ አልሰማም። እርጥቡን ሳንቃ ተሸክሞ ሄደ፤ ቆረጠ፣ ላገ፣ ክር ወጠረበት። በማግስቱ አንገቱ እንደ ማጭድ ጎብጦ አገኘው። በንዴት ጓሮ ወረወረው፤ የጎረቤት ዶሮዎችም ሰፈሩበት።

በዚያው ሰሞን አንድ ከሰዓት ዝናቡ አላስወጣ ብሎት ደጃፉ ላይ ቆሟል። እንደ ልማዱ ጣቶቹ ሥራ ፈልገው በሩን መታ መታ ያደርጋሉ። በሩ ድምፅ ሰጠ። እጁን ሰብሰብ አድርጎ እንደገና መታ። ወፍራም፣ ጥልቅ፣ ረጅም ድምፅ ነው፤ ከእጁ መዳፍ አልፎ ክርኑ ድረስ ተሰማው። ጆሮውን ለጥፎ ሌላ ቦታ መታ። እዚያም እንደዚያው።

በሩን የሠራው የአስካለ አባት ነው፤ ነፍሱን ይማረውና አናጢ ነበር። ለልጁ ይህን ቤት ሲያቆም፣ ከገዛ ጓሮው የወደቀ ዋንዛ አስፈልጦ፣ ጢስ ቤት አድርቆ፣ አንድ ወጥ ሳንቃዎች ገጣጥሞ የሠራው ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት በጋ እንዳደረቀው እግዜር ይወቅ።

ንጋቱ ግራ ቀኙን አየ። አስካለ ገበያ ናት። 'በር ማለት ቆሞ የሚውል እንጨት ነው' አለ በልቡ። 'ቆሞ ከሚውል ቢዘፍን ምን አለበት?' መፍቻ አምጥቶ ማጠፊያውን ፈታ።

አስካለ ልብስ ሰፊ ናት። ያን ዕለት የአቶ ተሰማን ልጅ ሚዜዎች ጨርቅ ታቅፋ ስትመለስ ቤቷ ወለል ብሎ ጠበቃት።

"ንጋቱ! ተዘረፍን እንዴ?"

"ማን ይዘርፈናል? እኔ ነኝ" አለ ከጓሮ።

ስትዞር የአባቷ በር በሁለት በርጩማ ላይ ተጋድሞ፣ ወገቡ ላይ መጋዝ ተሰክቶበት አየች። ትጮሃለች ብሎ ጠብቆ ነበር። አልጮኸችም።

"አባዬ ይሄን ሲልግ ሳንቃውን በዚያኛው ጫፍ የያዝኩለት እኔ ነበርኩ" አለች ቀስ ብላ።

ይሄ ከጩኸት ባሰበት። መጋዙን ለቀቀና መልሶ ያዘው። "አስኩዬ፣ በሳምንት ውስጥ ሌላ በር አስገጥምልሻለሁ። የብረት!"

"እስከዚያስ? ይሄ ቤት የሰው ልብስ ያለበት፣ የሰው አደራ ያለበት ቤት ነው።"

"ሸራ እሰቅላለሁ።"

"ሸራ ሌባ ይመልሳል?"

"እኔ አለሁ አይደል! በሩ እስኪገጠም እኔ እጠብቃለሁ። አንቺ እንደ ልብሽ ውጪ፣ ግቢ፤ እኔ ከደጄ ንቅንቅ አልልም።"

አስካለ ፊቷን ወደ አጥሩ መለሰች። ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤታቸው እማማ ዘርፌ ጎመን ይቀነጥሳሉ። ዕድሜ የጠገቡ፣ ጆሯቸውም ምላሳቸውም ያልደከመ ሴት ናቸው።

"እማማ፣ ያለውን ሰሙልኝ?"

"እኔስ ሰማሁ" አሉ እማማ ዘርፌ። "አንተስ ልጄ፣ ያልከውን ሰምተኸዋል?"

"ሰማሁ፣ ሰማሁ!" አለ ንጋቱ። ዓይኑ ግን ከመጋዙ ላይ አልተነሣም።

ከዚያ በኋላ ሥራው በላው። አካሉን ከበሩ መሐል አወጣ፤ አንገቱን ከጠርዙ ጠረበ፤ ደረቋ ጣቱ ሳትታጠፍ ክሩ ላይ እስክታርፍ ድረስ እየለካ፣ እየላገ፣ በብርጭቆ ወረቀት እያሸ አቀጠነው። የቁልፉ ቀዳዳ የነበረበት ቦታ ላይ የድምፁን መጠን የሚያስተካክለውን ማዞሪያ ገጠመበት። ከተሰበረ ጊታር ላይ የናስ ዘንጎች ነቅሎ አንገቱ ላይ ደረደረ። ክሩን በአውቶቡስ ሾፌር ከአዲስ አበባ አስመጣ።

ሸራው ግን ነፋስ በመጣ ቁጥር ይንፈራገጣል። የእማማ ዘርፌ ዶሮዎች ገብተው በጨርቅ ክምር ላይ ይተኛሉ፤ ዝናቡ ወለሉን ያረጥባል። አስካለ የስፌት መኪናዋን ከጥግ ወደ ጥግ ስትጎትት ትውላለች። "በሩን የሚገጥመው አናጢስ?" ትለዋለች። "ነገ" ይላታል። በማግስቱም "ይቺን አንገት ልጨርስና" ይላታል። እሱ ሲወጣ እሷ ትቀመጣለች፤ እሷ ስትወጣ እሱ እየተቁነጠነጠ ይጠብቃል። ሁለቱ አንድ ላይ ከቤት የወጡበት ቀን አልነበረም።

ሠርጉ እሑድ ሊሆን ንጋቱ ዓርብ ዕለት ጨረሰ። ጊታሩን ከድምፅ ማጉያው ጋር አያይዞ ወፍራሙን ክር አንድ ጊዜ ነካው። መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ተንጫረሩ። አስካለ መርፌዋን እንደያዘች ቆመች። ድምፁ ከግድግዳው ሳይሆን ከመሬቱ የሚወጣ ይመስል ነበር። ክሩ ዝም እስኪል ድረስ መርፌዋን አላወረደችም። ንጋቱ ፊቱን አዞረባት፤ ዓይኑ ረጥቦ ነበር።

አናጢውን ያስታወሰው ቅዳሜ ነው። ሮጦ ሄዶ ቢያንኳኳ "የአቶ ተሰማን ዳስ እየተከልኩ ነው፤ ሰኞ" አለው።

እሑድ ጠዋት ንጋቱ ሸሚዙን አስተኩሶ፣ ጊታሩን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ብድግ ሲል አስካለም ነጠላዋን ደርባ፣ የሚዜዎቹን ቀሚሶች ታቅፋ ከፊቱ ቆማለች።

"ወዴት ነው?" አለችው።

"ወዴት ትያለሽ? ሠርግ ነዋ!"

"እኔም ሠርግ ነኝ። ቀሚሱን እላያቸው ላይ ሳላስተካክል ሙሽራዋ አትወጣም። ቤቱ ውስጥ ደግሞ የሌላ ሰው ልብስ አለ፣ መኪናዬ አለ። በሩ እስኪገጠም የሚጠብቀው ማነው ተባብለን ነበር?"

"አስኩ፣ የዛሬን ብቻ..."

"ቃል የገባህልኝማ እንደ ዛሬ ላለው ቀን ነው" አለችና ሄደች። አልተቆጣችም፤ ወደ ኋላም አላየችም።

ንጋቱ ወደ እማማ ዘርፌ ሮጠ። በራቸው ተቆልፏል፤ እሳቸውም ተጠርተው ሄደዋል። ግራ ጎረቤት፣ ቀኝ ጎረቤት አንኳኳ። ሰፈሩ በሙሉ ሠርግ ወርዷል። ተመልሶ ቁም ሣጥኑን እየገፋ በሩ ላይ ደቀነው፤ ቀዳዳው ልክ ግጥም አለ። 'እሰይ!' አለ፤ ራሱ ከውስጥ መቅረቱን ያወቀው ከዚያ በኋላ ነው። መስኮቱ ደግሞ የብረት ፍርግርግ አለበት። እያላበው ቁም ሣጥኑን መልሶ ሳበ።

'ምን ይመጣል? ጥዬ ልሂድ' አለና ጊታሩን አንጠልጥሎ እስከ መታጠፊያው ሄደ። ዞሮ ሲያይ ሸራው በነፋስ ተገልጦ የስፌት መኪናው ከመንገድ ይታያል። ሁለት የማያውቃቸው ሰዎች በደጁ እያለፉ አንገታቸውን አሰገጉ። እግሩ አልሄድ አለው። እየሮጠ ተመለሰ። ደግሞ ወጣ። ደግሞ ተመለሰ።

ስልኩ ጮኸ። ሚፍታህ ነው።

"የት ደረስክ?"

"በር ላይ ነኝ።"

"እሰይ! ግን አላየሁህም፤ በየትኛው በር በኩል ነህ?"

"በራሴ በር ላይ ነኝ፣ ሚፍታህ።"

ነገሩን አስረዳው። ሚፍታህ መጀመሪያ ሳቀ። "ሙሽሮቹ እየገቡ ነው ወንድሜ" አለ በመጨረሻ። "በቃ፣ በግራ እጄ እሞላዋለሁ።"

ንጋቱ ስልኩን ኪሱ ከተተና ደፉ ላይ ተቀመጠ። ጀርባውን በአንዱ መቃን አስደግፎ እግሩን እስከ ሌላው መቃን ዘረጋ። ዳሱ የተተከለው ከታች ሜዳው ላይ ስለሆነ ሙዚቃው ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ሙሽራ ማስገቢያው ተጀመረ። የሚፍታህ ግራ እጅ ቤዙን ትሞላለች፤ ትሞላለች እንጂ አታስጨፍርም፤ እንደ ደከመው ሰው እየጎተተች ትከተላለች። የንጋቱ ተረከዝ መሬቱን መደብደብ ጀመረ። አልቻለም። ሽቦውን ጎትቶ ድምፅ ማጉያውን አስነሣና፣ ታች ከሚዘፈነው ጋር እኩል፣ የራሱን መጫወት ያዘ። ጣቱ እንዳሰበው አረፈች። አንገቱ እንደ ልቡ ታዘዘው። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን አልተጫወተም፤ የሚጨፍርለት ግን ከእማማ ዘርፌ ዶሮዎች በቀር ማንም አልነበረም።

ሰኞ አናጢው መጥቶ ተራ የጽድ በር ገጠመላቸው። ንጋቱም በኋላ፣ በሌሎች ሠርጎች፣ ቦታውን አገኘ። ሚፍታህ ያንን ጊታር አንድ ጊዜ ከሰማ ወዲህ ግራ እጁን ወደ ቤዙ አልላከም። አስካለ ግን ለረጅም ጊዜ ከገበያ ስትመለስ ደጃፉ ላይ ትንሽ ቆም ትልና አዲሱን በር አይታ ትገባ ነበር፤ እሱም ይህን እያየ ሥራ ያለው እየመሰለ ያቀረቅራል።

አባባሏ የተወለደችው ግን እዚያው እሑድ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ሠርገኛው እየተመለሰ ጥቂት ሰዎች ድምፁን ሰምተው ደጁ ላይ ቆሙ። አስካለ ከሠርግ ቤት በሰሐን የቋጠረችለትን ይዛ መጣች። ንጋቱ መጫወቱን ሳያቆም እግሩን አጠፈላት፤ ገባች፤ መልሶ ዘረጋው። አንድ እንግዳ "ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው ደፍ ላይ የተጋደመው?" ብሎ ቢጠይቅ፣ ከኋላው በከዘራቸው ተደግፈው የቆሙት እማማ ዘርፌ እንዲህ አሉት፦ "በሩን ጊታር ያደረገ፣ ራሱ በር ሆኖ ይውላል።"