ደርበው ሞተር የለወጠ ጊዜ

በእኛ አገር ሰው የያዘውን ትቶ ወደ ሌላ ሊዘል ሲነሳ፣ መሬትም ይሁን ሥራ፣ ትዳርም ቢሆን፣ ከጎኑ ያለ ሰው አንዲት አባባል ጣል ያደርግበታል። ልጆቹ ከጥንት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣች ይመስላቸዋል። እንዲያውም አንድ መምህር «የጥንት አባቶቻችን እንዳሉት» ብሎ ሰሌዳ ላይ ጽፏታል አሉ። የጥንት አይደለችም። የተባለችበትን ቀን አውቀዋለሁ፤ ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ሆኖ እዚያው ቆሜ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔን ግን እስካሁን የጠየቀኝ የለም። ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ምን ያውቃል ብለው ይሆናል።

ደርበው የከብት ሐኪም ነው። አገሩ «ዶክተር» ይለዋል። ያለው ዲፕሎማ ነው፤ እጁ የተባረከ መሆኑን ግን አልክድም። እስከ ሰባተኛ ድረስ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ነው የተማርነው። እሱ ቀጠለ፤ እኔ አባቴ ሲሞት ቀረሁና መፍቻ ይዤ ሞተር ጠጋኝ ሆንኩ። መሥሪያዬ ከከተማው ጫፍ፣ ወደ ሾላ ወንዝ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ነው።

ሾላ ወንዝ በበጋ ዶሮ የምትሻገረው ውሃ ነው። ክረምት ሲገባ ግን፣ ድልድይ የለውምና፣ ሞተር የሚሻገረው በሰው ትከሻ ነው። አሻጋሪዎቹ ሁለት የባሕር ዛፍ አጠና በሞተሩ ሥር አሳልፈው በገመድ ይጠፍሩታል፤ ከዚያ ሁለት ከፊት ሁለት ከኋላ ሆነው ያነሱታል። የሚረግጡት ከውሃው በታች ያለ ጠባብ የድንጋይ መስመር ነው። አለቃቸው አያ ልመንህ መስመሩን በእግራቸው ጣት ያውቁታል። ሞተር ተሻግሮ ሲመጣ ውሃ የገባበትን ካንዴላ ፈትቼ የማደርቀው እኔ ነኝ።

ደርበው ቀላል ቀይ ሞተር ነበረችው። ስምንት ዓመት ሙሉ ማዶ ባሉት ቀበሌዎች ከብት ታመመ በተባለ ቁጥር በእሷ ነው የደረሰው። ክረምት ክረምት አራቱ ሰዎች እንደ ሙሽራ ተሸክመው ያሻግሯት ነበር።

አንድ ሚያዝያ ላይ የዞኑ ከተማ ውስጥ ያለ ባለሆቴል አንድ ግዙፍ ሞተር ሊለውጥ ፈለገ። የውጭ አገር መንገደኛ አገር ላገር ሲዞርበት ቆይቶ ለእሱ ትቶለት የሄደ ነው። የፊት መስታወት አለው፤ ግራና ቀኝ እንደ አህያ ጭነት ሁለት ሳጥን ተለጥፎበታል፤ መቀመጫው ሶፋ ነው፤ ሬዲዮ እንኳ አለው። ባለሆቴሉ ለተላላኪዎቹ የምትሆን ቀላል ሞተር ነበር የሚሻው። «ቀይዋን ስጠኝ፣ አንዲት ጊደር ጨምርበት፣ ይሄን ውሰድ» አለው። ሦስት ቀን ሞክረው ተብሎ ደርበው ይዞት መጣና እኔ በር ላይ አቆመው።

«ቢምረው፣ እስቲ ሆዱን እይልኝ» አለኝ።

«ልትለውጥ ነው?»

«ገና አልወሰንኩም። ሁለት ቀን እንቅልፍ አጣሁ።»

ሆዱን ስከፍት እሱ በርጩማዬ ላይ ተቀምጦ ማሰቡን ያዘ። ሲያስብ ጮክ ብሎ ነው የሚያስበው፤ ድሮም እንደዚያ ነበር።

«ቀይዋ ወገቤን ጨረሰችው» አለ። «መድኃኒት ለማምጣት ሰባ ኪሎ ሜትር ጋልቤባት ስመለስ፣ ሚስቴ ናት ከመሬት የምታነሳኝ። በዚህ ስመጣ ግን አልጋ ላይ የተጋደምኩ ነው የመሰለኝ።»

«እንግዲያስ ምን አሳሰበህ?»

«አንድ ቀን አልከዳችኝማ።» ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ ልንገርህ፣ ስብሰባ ስሄድ ያቺን ቶክቷካ ከመኪኖቹ አጠገብ ሳቆማት ዘበኛው ወደ ውጭ አውጣት ይለኛል። ትናንት ይሄን ይዤ ስሄድ በሩን በርግዶ እጅ ነሳኝ። ያው ዘበኛ ነው፣ ቢምረው። ያው ሰው።»

እዚህ ላይ አዘንኩለት። ወደ ውጭ መባልን እኔም አውቀዋለሁ።

ሞተሩን ላቆመው ስገፋ ግን ትከሻዬ ሊወልቅ ደረሰ። የቀይዋን ሦስት እጥፍ ይመዝናል። ያን ጊዜ አጠናው ታየኝ፤ የድንጋዩ መስመር ታየኝ። ስለ ወንዙ ልነግረው አፌን ከፈትኩ።

«ሌላ ሌላውን ተወው» አለኝ፣ ፊቴን አይቶ። «የሚመዘነውን እኔ እመዝነዋለሁ። አንተ የሆዱን ብቻ ንገረኝ።»

ክፉ ሊናገር አስቦ አይደለም። ግን እኔ ዘንድ አንድ የቆየ ነገር ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ገበያ መሐል አንድ በሬ ሲያነክስ፣ እሱ ትከሻው ነው ሲል፣ እኔ «ሰኮናውን ብታየው» አልኩት። «አንተ ብሎንህን ፍታ፣ የከብቱን ለተማረ ተወው» አለኝ። ገበያው ሳቀ። በማግስቱ ከበሬው ሰኮና ሥር የቀንጠፋ እሾህ ወጣ። ሳቁን የሚያስታውስ ብዙ ነው፤ እሾሁን የሚያስታውስ ግን እኔ ብቻ ነኝ።

እናም አፌን ዘጋሁ። «ሆዱ ጤነኛ ነው» አልኩት። እውነቴን ነበር።

በእኛ አገር በቅሎ ሲለወጥ ወጉ የታወቀ ነው። ጥርሷ ይታያል፣ ሜዳ ላይ ትጋለባለች፣ ሽማግሌ ይመርቃል፣ ከዚያ በኋላ ለውጥ አይመለስም። ጭቃና ውሃ አስገብቶ የሚሞክራት የለም፤ የሰውን በቅሎ ማጉላላት ነውር ነው። ደርበውም እንደዚያው አደረገ። አስፋልቱ ላይ ሁለት ጊዜ ሄዶ ተመለሰ፣ ሬዲዮውን ከፈተ ዘጋ፣ ተመረቀ። እኔም ምስክር ሆኜ ፈረምኩ። ባለሆቴሉ ቀይዋን በአይሱዙ ጭኖ ሲወስዳት ደርበው ፊቱን አዙሮ ነበር።

ግንቦትና ሰኔ አማረበት። ውሃው ገና ጎድሎ ስለነበር እያንቦጫረቀ ያልፋል፤ ማዶም ሰው ከቤቱ እየወጣ ያየዋል።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ከማዶ ተደወለለት። እትዬ ሙጭት ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ያላት አንዲት ላም ነች። ላሟ ምጥ ላይ ነች፣ የጥጃው አንድ እግር ብቻ ወጥቶ ቆሟል አሉት። ደርበው ሞተሩን እያስጓራ ወንዙ ዳር ደረሰ። እኔም ለሥራዬ እዚያው ነበርኩ። ወንዙ ሞልቶ መልኩ የተበጠበጠ አብሲት መስሏል።

አያ ልመንህ ሞተሩን ሁለት ጊዜ ዞሩት።

«ይሄን ስንት ሰው ነው የሚያነሳው?» አሉ።

«ስምንት ሰው ቢሆን፣ አያ ልመንህ?»

«ስምንት ሰው አለኝ። ስምንት ሰው የሚቆምበት ድንጋይ ነው የሌለኝ።»

ከአሻጋሪዎቹ አንዱ፣ ቀልድ የማያልቅበት፣ «ዶክተር፣ ሬዲዮውን ክፈትለትና ምናልባት ወንዙ ዘፈን ሰምቶ ይቆም እንደሆን» አለ። የሳቀለት የለም። ስልኩ እንደገና ጮኸ። የእትዬ ሙጭት ወንድም ነው፤ ላሟ ተኛች ይላል።

ደርበው ወደ እኔ ዞረ። «ሌላ ሞተር የለህም?»

የነበረችኝ አንዲት የደንበኛ ሞተር ሆዷ ተበትኖ ሸራ ላይ ተዘርግቶ ነበር። ማዶም ሞተር ያለው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ያን ቀን ወረዳ ሄዷል። ደርበው ጫማውን አወለቀ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ የመድኃኒት ቦርሳውን ተቀብዬው ራሴ ላይ አደረግሁና አሻጋሪዎቹ የወጠሩልንን ገመድ ይዘን ተሻገርን።

በቀይዋ ግማሽ ሰዓት የነበረው መንገድ በእግር ሦስት ሰዓት ፈጀ። ጭቃው አንድ እግር ስናወጣ ሌላውን ይይዛል። ደርበው ወገቡን ይዞ ይሮጣል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይሮጣል። በመንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ነው የተናገረው። «አምና ይቺኑ ላም እኔ ነበርኩ ያዋለድኳት። ደውለውልኝ አንድ ሰዓት አልሞላም።»

ስንደርስ ላሟ አንገቷን መሬት ላይ ዘርግታለች። ደርበው ሸሚዙን ጥሎ እስከ ብብቱ ገባ። አንድ ሰዓት ሙሉ ታገለ፤ እኔም የጥጃውን እግር በገመድ ስቤለታለሁ። ጥጃው ሞቶ ወጣ። ላሟ ከዚያ በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ ተነፈሰችና አቆመች።

እትዬ ሙጭት ስትጮህ፣ ስትራገም እጠብቅ ነበር። ገብታ ውሃ ይዛ ወጣችና እጁ ላይ አፈሰሰችለት።

«ታጠብ ልጄ» አለችው። «ይሄን ሁሉ መንገድ በእግርህ መጣህ።»

ብትሰድበው በተሻለው ነበር። የታጠበው ደም እኔም እጅ ላይ ነበረ፤ ውሃውን ወደ እኔ ስታዞረው ግን አልዘረጋሁላትም።

በማግስቱ ወንዙ ዳር ተመለስን። ሞተሩ ተሸፍኖበት የነበረውን ፕላስቲክ ነፋስ ገልጦት፣ ሶፋው ውሃ ጠጥቶ ቆሟል። አያ ልመንህ ገመዳቸውን እየሰበሰቡ ነበር።

«ላሟስ?» አሉ።

«አልደረስኩላትም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ደርበው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«አያ ልመንህ፣ ይሄን ሞተር ይዤ ውሃው ሳይሞላ ስንት ጊዜ ባጠገብዎ አለፍኩ። ምነው አንድ ቃል ቢተነፍሱልኝ?»

«ልዋሽህ አልችልም፣ ልጄ» አሉ። «ስታልፍ አማረብህና መረቅሁህ እንጂ ክረምቱ እኔም ትዝ አላለኝ።»

ወደ እኔ ዞረ። «አንተስ?»

መዋሸት ይቻል ነበር። «እኔስ ትዝ ብሎኝ ነበር» አልኩት። «በርጩማዬ ላይ ተቀምጠህ ሳለ። ግን የሆዱን ብቻ ንገረኝ አልከኝ።»

ረጅም ጊዜ አየኝ። ይመታኛል ብዬ ነበር።

«ምን አድርጌህ ነው?» አለኝ።

«የበሬው ጊዜ። ገበያ ላይ። ለተማረ ተወው ያልከኝ።»

ግንባሩን ቋጠረ፤ አሰበ፤ የምሩን አሰበ።

«የቱ በሬ?» አለኝ።

ሦስት ዓመት በሆዴ ይዤ የዞርኩትን እሱ ጭራሽ አያውቀውም። ሦስታችንም ወንዙን ማየት ያዝን። ውሃው በመሐሉ የተነቀለ ዛፍ ይዞ ይወርዳል። አያ ልመንህ እርጥቡን ገመድ ክንዳቸው ላይ እየጠቀለሉ፣ ማንኛችንንም ሳያዩ፣ ቀስ ብለው «ወንዙን ሳይጠይቁ በቅሎ አይለውጡ» አሉ።