በማር የተመለሰች በግ

በሾላ ምንጭ አንድ ሰው ጎረቤቱን ሊያግዝ ማልዶ ሲወጣ፣ ከደጅ የሚሸኘው ሁሉ «አገልግልህስ?» ይለዋል። እንግዳ ይህን ሲሰማ አገሩ እህል የማያቀምስ፣ ንፉግ አገር ይመስለዋል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ጥያቄው የመጣው ከአንድ አባባል ነው፤ አባባሉ ደግሞ ከአንዲት በግ። በቦታው የነበሩትን ለየብቻ ጠይቄያለሁ፤ ሁሉም የሚናገሩት አንድ ነው፤ የማይስማሙት በበጓ ቀለም ብቻ ነው።

ያን ጊዜ የሾላ ምንጭ ወጣቶች ክበብ ቤት አልነበረውም። በበጋ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው ግራር ሥር ይሰበሰባሉ፤ ክረምት ሲገባ ይበተናሉ፤ መስከረም ሲጠባ ግማሾቹ አይመለሱም። ታዲያ አንድ ዓመት ከፋሲካ በኋላ ወረዳው አዲስ ነገር አስነገረ። በከተማዋ መሃል ባዶውን የቀረው የእህል መጋዘን፣ የሥራ ማህደሩ ከሌሎቹ ለበለጠ ክበብ ይሰጣል ተባለ። ማህደሩ ሦስት ነገር እንዲያሳይ ታዟል፤ ክበቡ በራሱ ያቋቋመውን ሥራ፣ አባላቱ መምራትን እንዴት እንደሚማሩ፣ ለአካባቢው ሰው የሰጡትን አገልግሎት።

ሊቀ መንበሩ ይበልጣል ወሬውን የሰማ ዕለት ከወረዳው ጽሕፈት ቤት እስከ ግራሩ ድረስ ሮጦ ነው የመጣው። ትንፋሹ ሳይመለስ መጋዘኑን ከፋፍሎ ጨረሰ፤ ይኸኛው ጥግ ለመጻሕፍት፣ ያኛው ለማስጠኛ፣ መሃሉ ለስብሰባ። ሌሎቹም ተቀበሉት። አንዱ ግድግዳውን በሐሳቡ ቀለም ቀባ፣ አንዷ መስኮት አስፋች፤ ቁልፉ ማን ዘንድ ይቀመጥ በሚለው ላይ ጠብ እስኪነሣ ደረሱ። ቁልፉ ገና ወረዳው ኪስ ውስጥ ነበር።

ለመጀመሪያው ክፍል ማር ነበራቸው። የክበቡ ቀፎዎች በኅዳር የሰጡት ነጭ ማር በጠርሙስ ተሞልቶ፣ አፉ በሰም ታሽጎ፣ ለገምጋሚዎች ቀን ተቀምጧል። እንኳን ሊቀምሱት፣ እንዳይነኩትም እርስ በርስ ይቆጣጠሩ ነበር። ለሁለተኛውም አልተቸገሩም፤ ሊቀ መንበርነቱ በምርጫ ስለሚዞር፣ ከመሃላቸው ስብሰባ መርቶ የማያውቅ አልነበረም። ሦስተኛው ክፍል ግን ባዶ ነበር።

«የእማማ አንጓችን ቤት እንክደን» አለ ይበልጣል።

እማማ አንጓች ከገበያው መንገድ ዳር ብቻቸውን የሚኖሩ መበለት ናቸው። የቤታቸው ሳር አርጅቶ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር አልጋቸውን ከጥግ ወደ ጥግ ሲያዛውሩ ያነጉ ነበር።

የክበቡ ጸሐፊ ማስተዋል ነገር ሳታጣራ የማትራመድ ልጅ ናት። «ጠይቀናቸዋል?» አለች።

«ምኑን እንጠይቃቸው? ጣራው ራሱ እየጮኸ።»

ሁሉም ሳቀ፤ ነገሩም በሳቅ ጸደቀ። ይበልጣል ሄዶ፣ በሳምንቱ ሐሙስ የክበቡ ልጆች በሙሉ እንደሚመጡ፣ ሳሩም ጉልበቱም ከእነሱ እንደሆነ ነገራቸው። እማማ አንጓች እጃቸውን ዘርግተው መረቁት። ስለ ምሳ እሱም አላነሣ፣ እሳቸውም አላነሡ።

ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። በዚያ አገር ደቦ የጠራ ያበላል፤ ሳይጠራ የመጣበትም ያበላል። ቤቱ የተከደነለት ሰው ሠራተኛውን በባዶ ሆዱ ከሸኘ፣ ከአዲሱ ጣራ ሥር አንገቱን ደፍቶ ነው የሚኖረው። ልጆቹ ይህን አጥተውት አይደለም፤ ያደጉበት ነው። ነገር ግን በሐሳባቸው የሚሄዱት ወደ ደቦ ሳይሆን ወደ ማህደሩ ነበርና ትዝ አላላቸውም።

ሐሙስ ንጋት ላይ ሰንበሌጡን ተሸክመው እየዘፈኑ ደረሱ። ሳር ክዳን የሚያውቁት ሽማግሌ አያ ይርሳው ከጣራው አናት ላይ ሆነው ያዝዛሉ፤ ከታች ያለው ነዶ ይወረውራል፤ ከመሃል ያለው ይቀልባል። አሮጌው ሳር ሲወርድ ጥቀርሻው ሁሉንም አንድ መልክ አደረጋቸው፤ በጥርሳቸው ብቻ ነበር የሚተዋወቁት። ማስተዋል በስልኳ ፎቶ ታነሣለች። ይበልጣል ነዶ በተሸከመ ቁጥር ወደ እሷ ዞር ማለቱ አያ ይርሳውን አሳቃቸው። «አንተ ልጅ፣ ሳሩን ለእኔ ነው የምታቀብለው ወይስ ለስልኩ?» አሉት።

ምሳ ሲደርስ እማማ አንጓች ከጎረቤት ሴቶች ጋር ያሰናዱትን አወጡ። ቅቤ የጠገበ ሽሮ፣ ቀይ ምስር፣ ነጭ እንጀራ፣ የጠራ ጠላ። ልጆቹ እንደ ሠርገኛ በሉ። «ጨምሩ እንጂ፤ ለማን ልታስተርፉት ነው?» እያሉ እማማ አንጓች በመሃላቸው ተዘዋወሩ። አመሻሹ ላይ ጉልላቱ ተደፋ፤ እልልታውም ገበያው ድረስ ተሰማ።

ማስተዋል የመጨረሻውን ፎቶ ከቤቱ ጀርባ ልታነሣ ዞረች። እዚያ አንድ ካስማ አየች። ገመዱ ካስማው ላይ ተጠቅልሏል፤ ዙሪያው የተጋጠ ሣር፣ ገና ያልተጠረገ የበግ በጠጥ አለ። በግ ግን የለም። ወዲያው እማማ አንጓች ያላቸው ሀብት አንዲት የደረሰች እርጉዝ በግ እንደሆነች ትዝ አላት።

«እማማ፣ በጓስ?»

«ደህና ናት ልጄ። ለደህና ሰው ነው የሰጠኋት።»

አያ ይርሳው ከጣራው እየወረዱ ነበርና የቀረውን እሳቸው ጨረሱት። በጓ ባለፈው ገበያ በጤፍ፣ በጌሾና በቅቤ ተለውጣለች። የወሰዳት አለቤ የሚባል የወንዝ ማዶ ገበሬ ነው።

ማስተዋል ይህን ለይበልጣል ስትነግረው፣ እሱ ስልኳን ተቀብሎ የቱ ፎቶ ለማህደሩ ሽፋን እንደሚሆን እየመረጠ ነበር። መጀመሪያ የማይሰማ መሰለ። ቀጥሎ፣ እኛ አብሉን አላልናቸውም አለ። ከዚያ ግን አፉ ውስጥ የቀረው የቅቤ ጣዕም ሳይመረው አልቀረም፤ ስልኩን መልሶ ሰጣት።

«አንድ ጣራ ከድነን፣ ስንት ጣራ የሚያወጣ በግ ነው የበላነው?» አላት።

በዚያው ምሽት በግራሩ ሥር ተሰበሰቡ። አለቤ ልጁን ሊድር ለጠጅ የሚሆን ማር አጥቶ እንደሚዞር ያውቃሉ፤ የታሸገውንም ማር ያውቃሉ። ገምጋሚዎቹ የሚመጡት ደግሞ ነገ ነው። ማር ከሌለ የማህደሩ የመጀመሪያ ክፍል ባዶ ወሬ ይሆናል፤ መጋዘኑም ለሌላ ክበብ ይሄዳል፤ እነሱም ሰኔ ላይ እንደ ወትሮው ይበተናሉ። ይህን ሁሉ ይበልጣል ራሱ ተናገረ፤ ተናግሮም እጁን ለልውውጡ ቀድሞ አወጣ። የሁሉም እጅ ተከተለው። ጎህ ሲቀድ ጠርሙሶቹን ተሸክመው ወንዙን ተሻገሩ፤ ሲመለሱ በጓን ከፊት ከፊታቸው እየነዱ ነበር። እማማ አንጓች ሲያዩአት ተቆጡ፤ ቀጥሎም አለቀሱ፤ ቀጥሎም መረቁ።

ረፋድ ላይ ገምጋሚዎቹ መጡ። መሪያቸው ወይዘሮ በላይነሽ ማህደሩን ገልጠው በግራሩ ሥር ወደተዘጋጀው ጠረጴዛ ተመለከቱ። ማሩ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ጨርቁ ብቻ ተነጥፏል። ማህደሩን ከድነው ጣራውን አሳዩኝ አሉ።

አዲሱ ክዳን በፀሐይ እንደ ወርቅ ያበራል። አያ ይርሳውም ደጁ ላይ ቁጭ ብለው ሥራቸውን ያዩ ነበር። እማማ አንጓች እንግዶቹን ገና ሲያዩ ወደ ጓዳ ሮጡ። «ደክሟችሁ መጥታችሁማ ሳትቀምሱ አትሄዱም» ሲሉ፣ ማስተዋል መንገዱን ዘጋችባቸው፤ ከጫንቃዋ ላይም አገልግል አወረደች። የክበቡ ልጆችም እያንዳንዳቸው ከኪሳቸው ቆሎ፣ ከጉያቸው ዳቦ ማውጣት ጀመሩ።

«እማማ፣ ዛሬ እርስዎ ነዎት የእኛ እንግዳ። ይቀመጡ።»

ወይዘሮ በላይነሽ ግራ ገባቸው። «ይኼ ሁሉ ስንቅ ለምንድን ነው? ማሩስ የት ሄደ?»

ይበልጣል ንብ አልሰጠም ሊል ይችል ነበር፤ ተሰረቀ ሊልም ይችል ነበር። እሱ ግን ከሳቁ ጀምሮ እስከ ካስማው፣ ከካስማው እስከ ወንዙ ማዶ አንድም ሳያስቀር ተናገረ። ንግግሩን ሲጨርስ ከቤቱ ጀርባ በጓ ጮኸች። ገምጋሚዎቹን ሳቅ አመለጣቸው።

ወይዘሮ በላይነሽ ግን አልሳቁም። ከባልደረቦቻቸው ጋር ራቅ ብለው ተመካከሩ። የሌሎቹን ክበቦች ማህደር አስቀድመው አይተው ጨርሰው ነበርና፣ ሲመለሱ ከቦርሳቸው ትልቁን የመጋዘን ቁልፍ አውጥተው ማስተዋል ባመጣችው አገልግል ክዳን ላይ አስቀመጡት። የልጆቹ ጩኸት አዲሱን ጣራ ሊያነሣው ደረሰ። አንዱ ባንዱ ላይ እየተንጠላጠለ፣ ቆሎው በየመሬቱ እየተበተነ፣ ይበልጣል ያለቅሳል እየተባለ ሲቀለድበት ብዙ ቆዩ።

ጩኸቱ ጋብ ሲል ወይዘሮ በላይነሽ ማህደሩን ገለጡ፤ ከሦስተኛው ክፍል በላይ ለርእስ የተተወውን ባዶ መስመርም በእስክሪብቶ ነኩት። «እዚህ ላይ ምን ብለን እንጻፍ? ጣራውን የሠሩት እርስዎ ነዎትና እርስዎ ይንገሩን» አሉ ወደ ሽማግሌው ዞረው።

አያ ይርሳው ከማስተዋል መዳፍ አንድ ጭብጥ ቆሎ ዘግነው፣ አንዷን ፍሬ ቆረጠም አድርገው፣ «ሊያግዝ የሚሄድ፣ ስንቁን ይውሰድ» አሉ።