ከአራተኛው ረከዓ በኋላ

ከተማዋ አሮጌ ናት። ስሟን አልጠራም፤ የሰዎቹ ልጆች ገና እዚያው አሉ። በመስጂዷ ሠላሳ ስምንት ዓመት ያሰገዱት ሸኽ ጦይብ ነበሩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አራት ረከዓ ወይም ዙር ባለው የአስር ሶላት፣ አራተኛውን ጨርሰው ለአምስተኛ ተነሡ።

ከኋላቸው ያለው ሁሉ አወቀ። አሰጋጁ ኢማም ሲሳሳት ወንዱ «ሱብሃነላህ» ብሎ ያስታውሰዋል፤ ሴቷ እጇን ታጨበጭባለች። ይህን ለሰፈሩ ያስተማሩት ራሳቸው ሸኽ ጦይብ ናቸው። ግን በእሳቸው ላይ ማን አፉን ይክፈት? ግማሹ ተነሣ። ግማሹ እንደተቀመጠ ቀረ። አንዱ ተነሥቶ ተመልሶ ተቀመጠ። አዛን የሚጠራው ሙአዚኑ ኑርሁሴን ደግሞ ጉልበቱን ይዞ፣ ሳይቆም ሳይቀመጥ፣ መሐል ላይ ቀረ።

ከሴቶቹ መጋረጃ ኋላ ጭብጨባ ተሰማ።

ሸኹ ቀጥ አሉ። ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡ፤ የመርሳትን ሱጁድ በግንባራቸው ተደፍተው አደረጉና አሰላመቱ፤ ሶላቱን በሰላምታ ዘጉ። ዞር ሲሉ ሰዉ ሁሉ ምንጣፉን ያያል።

«ማን ናት ያጨበጨበችው?»

«እኔ ነኝ ሸኼ፣ መዲና» አለች፤ ቅመም የምትሸጥ ባልቴት ናት።

«አንቺ ሴትዮ አደብ የለሽም?» አለ ኑርሁሴን። «በሬ መሰሉሽ በጭብጨባ የምትመልሻቸው?»

«አንተ ሰፈሩ እስኪነቃ የምትጮኸው ሰውዬ፣ አንዲት ሱብሃነላህ ከበደችህ?»

አንድ ሁለት ሰው ሊስቅ ነበር፤ የሸኹን ፊት አይቶ ተወው።

«ኑርሁሴን፣ ስሳሳት ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው?»

«አዎ ሸኼ።»

«ከሶላት ምንጣፍህ ሳትነሣ ትዋሸኛለህ?»

ኑርሁሴን አቀረቀረ። «ከሻዕባን ወር ወዲህ ብዙ ጊዜ ነው። አንዳንዴ አራት ሳይሞላ ሦስተኛው ረከዓ ላይ ያሰላምታሉ። እንዳያፍሩ ብለን ዝም አልን። ቤታችን ገብተን እንደግመዋለን።»

«እናንተ ትደግማላችሁ» አሉ ሸኹ ቀስ ብለው። «የእኔንስ ማን ደገመልኝ?»

ከዚያ ሁሉም ባንድ ጊዜ ተናገረ። አንዱ ወንበር ይምጣላቸው አለ። አንዱ የዓርቡን ጁምዓ ብቻ ያሰግዱ አለ። አንዱ ገጠር ልጃቸው ዘንድ ሄደው ይረፉ አለ። ሸኹ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው አፍ ያያሉ፤ የሚያወሩት ስለ ሌላ ሰው ይመስል።

«እስቲ ራሳቸውን ጠይቋቸው!» አለች መዲና።

ሁሉም ወደ ሸኹ ዞሩ።

«ወንበር አልፈልግም» አሉ ሸኹ። «የምሽቱን መግሪብ ሌላ ሰው ያሰግድ፤ እኔ ከኋላ እቆማለሁ። ከሻዕባን ወዲህ ያለውን ሶላቴን ደግሞ አብሮኝ የሚደግም አንድ ሰው ስጡኝ። ብቻዬን ከሆንኩ ቁጥሩ ይጠፋብኛል።»

ኑርሁሴን ተነሥቶ አጠገባቸው ቆመ። «እኔ አለሁ ሸኼ። አሁን የሚያስፈልግዎን አወቅን።»

«የዛሬውን ነው ያወቃችሁት» አሉ ሸኽ ጦይብ። «ነገ እንደገና ጠይቁኝ።»

ይህ ቃል ለብዙ ጊዜ ግራ ሲያጋባኝ ኖሯል። ለአዛውንት በጎ መዋል አንዴ ተረድተውት የሚያርፉበት ነገር ይመስለን ነበር። ምርኩዝ ይገዛል፤ መኝታው ወደ በሩ ይጠጋል፤ በቃ። ሸኹ ግን ማረፊያ አልሰጡንም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ያስፈለጋቸው የሚሰማቸው ሰው ነበር፤ በዚያ ዓመት ስህተታቸውን የሚነግራቸው፤ የሚቀጥለውን እሳቸውም አያውቁትም ነበር። ታዲያ አባትን ሳያሳፍሩ በየቀኑ እንዴት ይጠይቁታል? አላውቅም። ይህን ያህል ብቻ ይገባኛል፦ ከኋላቸው የሚሰግደው ጀመዓ በዝምታው ክብራቸውን የጠበቀ መሰለው፤ እሳቸው ደግሞ አላህ ፊት ጎዶሎ ሶላት ይዘው ሊቀርቡ ነበር። ሰው ፊት መታረምና አላህ ፊት ጎዶሎ ይዞ መቅረብ፣ ከሁለቱ የትኛው እንደሚያሳፍር ማንም አልጠየቃቸውም።