ከፏፏቴው ሥር የተመረጠው ኪቦርድ

አንድ ጊዜ፣ ማስነጠስ እንኳ ነፍስ ያስከፍል በነበረበት ጫካ፣ ጥርሱን የታመመ አንበሳ ይገዛ ነበር። ጥርሱ ቀንም ሌትም ይጠዘጥዘዋል፤ ቀትር ላይ ብቻ ትንሽ ይተወዋል። እሱም ያኔ ይተኛል። አንበሳው ሲተኛ ጫካው በሙሉ ትንፋሹን ይይዛል። ጉንዳን እንኳ ስትሄድ በእግሯ ጫፍ ነበር። አላምን ያለ ጉንዳኗን ይጠይቃት።

ችግሩ፣ የመንግሥት ሥራ ቀትር አያውቅም። ደብዳቤ መጻፍ አለበት፣ ትእዛዝ መውጣት አለበት። ጸሐፊው የሚሠራው እዚያው ዋሻ ውስጥ፣ ከአንበሳው ራስጌ ነው። ጠረጴዛው ምስጥ ውስጡን በልቶ ባዶ ያስቀረው የዋርካ ግንድ ነው፤ ኮምፒውተሩም ኪቦርዱም እሱ ላይ ይቀመጣሉ። የአማርኛን ነገር ደግሞ ታውቃላችሁ፤ አንዷን ፊደል ለማውጣት ብዙ ጊዜ ሁለት ቁልፍ መንካት ያስፈልጋል። ስለዚህ ጩኸቱም እጥፍ ነው።

የመጀመሪያዋ ጸሐፊ ጦጣ ነበረች። «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚለውን ሳትጨርስ ተበላች። ቀጥሎ ጃርት ተቀጠረ፤ እሾሁ ጥቂት አስቸገረ እንጂ እሱም አልቀረም። ሦስተኛዋ እመት አህያ ሆነች።

«ስሚ» አላት አንበሳው፣ ጉንጩን በመዳፉ ደግፎ። «ድምፅ የሌለው ኪቦርድ ፈልገሽ ነገ ቀትር ላይ ሥራ ጀምሪ። ከእንቅልፌ ከቀሰቀስሽኝ ግን ምሳዬን ሌላ ቦታ አልፈልግም።»

«እሺ ጌታዬ» አለች፤ ወደ ኋላዋ እያፈገፈገች ወጣች።

በዚያ አገር ኪቦርድ የሚሸጠው ቀበሮ ብቻ ነበር። ሱቁን የከፈተው ከፏፏቴው ሥር ነው። ፏፏቴው ደግሞ እንዴት ያለ ፏፏቴ! ሰባት ወንዝ ማዶ ያለ ዝሆን በጩኸቱ የተነሳ ጆሮውን በኮረብታ ወትፎ ነበር የሚተኛው።

«እመቤቴ! ደህና መጡ!» አለ ቀበሮ፣ ውኃውን ለመብለጥ እየጮኸ። «ዝም የሚል ነው አይደል የፈለጉት? አይስጉ፤ የአያ አንበሳ ጸሐፊዎች ሁሉ ደንበኞቼ ነበሩ።»

ሦስት ኪቦርድ አለቱ ላይ ደረደረ።

«ልዩነቱ ያለው ከቁልፉ ሥር ነው፤ ስዊች ይሉታል» አለ። «ይኸኛው ሰማያዊ ነው፤ በነኩት ቁጥር ቀጭ ይላል እያሉ ያሙታል። ቡናማው መሐል መንገድ ላይ ትንሽ ጉብታ አለችው፤ ጉብታዋ ስትሰማዎ ፊደሉ ወጥቷል ማለት ነው፣ እስከ ታች መጫን አያስፈልግም። ቀዩን ግን ምንም አያግደው፤ እንደ ቅቤ ቁልቁል ነው።»

ሦስቱንም በመዳፉ ነካካላት። መዳፉ እንደ ጥጥ ለስላሳ ነው። እመት አህያ ረጅም ጆሮዋን አስጠጋች። ከውኃው በቀር ምንም አልሰማችም።

«ሁሉም ዝም ይላሉ!» አለች ተደንቃ።

«የእኔ ዕቃ ነዋ!»

«ያ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለውስ?»

«እሱ? ከላይም ከታችም እንዳይጋጭ ላስቲክ የገባለት ነው። የራሴ መጻፊያ ነው፤ አይሸጥም» ብሎ በጅራቱ ሸፈነው።

እመት አህያ ዝቅ ብላ ሰኮናዋን አየች። «እስቲ ወዲያ፣ ጸጥ ካለው ሜዳ ወስጄ በራሴ እግር ልሞክረው» ልትል ፈለገች። ቃሉ ጥርሷ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። ይህን ያህል የደከመልኝን አላምንህም ልበለው? ደግሞስ ይህ ሰኮና ዕቃውን ቢሰብረው? አንገቷን ደፋች።

«አያ ቀበሮ፣ እርስዎ የቱን ይመርጡልኛል?» አለች በመጨረሻ።

ቀበሮ ከሰኮናዋ እስከ ጆሮዋ በዐይኑ ለካት። ዳሌዋ ላይ ሲደርስ ትንሽ ቆየ።

«ቀዩን» አላት።

«ዋጋውስ?»

«ኧረ ይተዉት! ኋላ ራሴ መጥቼ እወስዳለሁ።»

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ኪቦርዱን ተሸክማ ስትመጣ ከዋሻው ደጅ አያ ጅቦን አገኘችው። አያ ጅቦ የዋሻው ዘበኛ ነው፤ ቀለቡ ከአንበሳው አፍ የሚተርፍ አጥንት ነው።

«ገዛሽ?» አላት ምራቁን እየዋጠ።

«ገዛሁ አያ ጅቦ።»

«ከፏፏቴው ቀበሮ?»

«ከእሱ።»

«ጎሽ! ጦጣዋም ከእሱ ነበር የገዛችው። ጃርቱም እንደዚሁ። እንዴት ያለ የተባረከ ነጋዴ መሰለሽ! እሱ በሸጠ ማግስት ጦሜን አድሬ አላውቅም።» ከዚያ ደንገጥ ብሎ አፉን በሁለት እጁ ያዘ። «ውይ! ይቺን ለእሷ እንዳትነግር ብሎኝ ነበር ለካ!»

እመት አህያ ባለችበት ደርቃ ቀረች። ቀትር ገና ነው። ፏፏቴውም ሩቅ አይደለም። ሮጣ ብትመለስ ኪቦርዱን ታስቀይራለች፣ በራሷ ሰኮናም ትሞክራለች። አንድ እግሯን አዞረች። ወዲያው ቀበሮ ትከሻውን ነቅንቆ «ትናንት ወደውት አልነበረም እንዴ?» ሲላት ታያት። ፊቷ በእፍረት ጋለ። ዋጋውን እንኳ ያልተቀበለኝን፣ በምን ዐይኔ አየዋለሁ?

«አገር ይታዘበኛል» አለችና ያዞረችውን እግር መለሰች።

«ጎበዝ!» አላት አያ ጅቦ ከልቡ።

ቀትር ሆነ። አንበሳው ማንኮራፋት ጀመረ። የሚጻፈው ወረቀት ከፊቷ ተዘርግቷል፤ «ጸሐፊ እንፈልጋለን» ይላል። አነበበችው። ደግማም አነበበችው።

ሰኮናዋን አነሳች። አህያ ከተፈጠረ ጀምሮ እግሩን እንደዚያ በዝግታ ያወረደ የለም፤ ሰኮናዋ ቁልፉ ላይ እስኪደርስ አንዲት ዝንብ ተወልዳ አርጅታለች። ሰኮና ግን ሰኮና ነው። ቁልፉም ቀዩ ነው፤ መሐል ላይ የሚይዘው ነገር የለም። ቁልቁል ወርዶ ከታች ካለው ብረት ጋር ተላተመ። ብረቱ ለግንዱ አቀበለው፤ ባዶው ግንድ እንደ ከበሮ ተቀበለው፤ ዋሻውም ደገመው።

ድም!

ሦስት ተራራ ማዶ ያሉ ፍየሎች ሠርግ ያለ መስሏቸው እስክስታ ወረዱ።

ስክሪኑ ላይ አንዲት «ጽ» ወጣች። «ጸ» ለማድረግ አንድ ቁልፍ ይቀራት ነበር። ሰኮናዋን አየር ላይ እንዳንጠለጠለች ቀረች።

አንበሳው አንድ ዐይኑን ገለጠ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ... ቀይ ነው... ዝም ይላል ብለውኝ ነው።»

«ማን ሞከረው?»

«ቀበሮ።»

«በማን እግር?»

እመት አህያ አየር ላይ ያንጠለጠለችውን ሰኮና አየች። አንበሳውም ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። በደህናው መንጋጋው በኩል አኘከ።

ከሰዓት በኋላ ቀበሮ ዋጋውን ሊወስድ መጣ። ጉበቷን በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ፣ ለአንበሳው እጅ ነስቶ ሄደ። አያ ጅቦ ሰኮናዋን ሳይቀር ቆረጣጠመ። ከእመት አህያ የቀረ ነገር ቢኖር ስክሪኑ ላይ ያለችው ጎዶሎ ፊደል ናት።

አንበሳው አፉን ጠራርጎ ወደ ውጭ ተመለከተ። ግማሹ እንስሳ ተበልቷል፣ ግማሹ ተሰዷል። ከደጁ ላይ አጥንት ከሚግጠው በቀር ዝር የሚል የለም።

«አያ ጅቦ» አለው። «ከነገ ጀምሮ ጸሐፊው አንተ ነህ።»

አያ ጅቦ በደስታ ሰከረ። ረፋዱ ላይ በገዛ አፉ ያወራውን ሹመቱ አስረስቶት ወደ ፏፏቴው በረረ። ቀበሮ ሦስቱን ደረደረለት፣ በለስላሳ መዳፉም ነካካለት።

«አሃ! ሁሉም ዝም ይላሉ!» ብሎ ጮኸ አያ ጅቦ። «ዝም ካሉማ ቆንጆውን ስጠኝ። ሰማያዊውን! ዋጋው ስንት ነው?»

«ተወው ወዳጄ» አለ ቀበሮ፣ ሰፊ የኮባ ቅጠል እየመረጠ። «ኋላ ራሴ መጥቼ እወስዳለሁ።»

ከዚህ የምንማረው፣ ነፍሳችን የተንጠለጠለችበትን ዕቃ በሻጩ መዳፍና በሻጩ ሰፈር ሳይሆን በገዛ እጃችንና በምንሠራበት ቦታ ሞክረን መውሰድ እንዳለብን፣ እንዳልሆነን ካወቅን ደግሞ ይሉኝታ ሳይዘን ቀትር ሳይደርስ መመለስ እንዳለብን ነው።